በወንዶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ስለ ተጀመረው ዘጠና ቀን

ለክቡር የሥራ ላይ አድልዎ አቤቱታ ተቀባይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች፣ እንዲሁም በሰባተኛው መስኮት መሳቢያ ውስጥ ለሚኖረው የቀን ማኅተም የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ለማኅተሙ ጤና መመኘቴ ቀልድ እንዳይመስልብኝ፤ እሱ አንድ ቀን ከሥራ ሲቀር እኛ ቤት ምን እንደሚደርስ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

እኔ፣ ክቡርነትዎ ባለፈው ወር «ጊዜው ስላለፈብዎት እናዝናለን» ብለው መዝገቧን የዘጉባት የሳሙና ፋብሪካ መካኒክ ባለቤት ነኝ። አቤቱታ ይዤ የመጣሁ እንዳይመስልዎት ገና ከጅምሩ ላረጋጋዎት እወዳለሁ። አቤቱታ የዘጠና ቀን የጊዜ ገደብ እንዳለው ከውሳኔዎ በሚገባ ተምረናል። ምስጋና ግን በስንት ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለበት መመሪያዎን ከሽፋን እስከ ሽፋን ባገላብጥ አላገኘሁም። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ምስጋና ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ እንደ አቤቱታ ከተሰማዎት የአጻጻፍ ጉድለቴ ነው ብለው ይለፉልኝ።

በቀን ከሚያልፉብዎት ስንት መዝገቦች መካከል የእሷን ያስታውሳሉ ማለት ስለሚከብድ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስታውስዎት።

ባለቤቴ በፋብሪካው የጥገና ክፍል አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። እዚያ በስሟ የሚጠራት እምብዛም የለም፤ «ጆሮ» ነው የሚሏት። ማሽን ሲያጉረመርም የካቻቢቴዋን ጫፍ ጎኑ ላይ ታስደግፍና፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች፤ ከዚያ «የግራው ኩሽኔታ ነው፤ እስከ ሐሙስ ይቆይላችኋል» ትላለች። እስከ ሐሙስ ይቆያል። ዓርብ ጠዋት ይሰበራል።

በዚህ ፋብሪካ የጠዋት ሥራ የሚደለደለው በወንዶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ፋብሪካው ሲቋቋም መካኒኮቹ ሁሉ ወንዶች ስለ ነበሩ፣ ዋና መካኒኩ ሰው የጫማውን ማሰሪያ እስኪቋጥር ድረስ «አንተ ወደ መቁረጫው፣ አንተ ወደ ማደባለቂያው» እያለ መደልደሉ ጊዜ ይቆጥብ ነበር፤ የማስታወቂያ ሰሌዳውም በዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ በአራት ብሎን ታሰረ። ባለቤቴ ስትቀጠር ሰሌዳውን ወደ ውጭ ማውጣት ለማንም አልታሰበም። የታሰበው፣ እሷ ኮሪደሩ ላይ እንድትቆምና ድርሻዋ በበሩ አየር ማስገቢያ በኩል እንዲነገራት ነው። ጊዜያዊ መፍትሔ ነው ተብሎ ነበር። እነሆ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከበሩ ውጭ ቆማ «ጆሮ፣ አለሽ?» ሲሏት «አለሁ» ትላለች፤ ከውስጥ አንዱ ተረበኛ «ብርድ ነው፣ ምናለ ብትገቢ» ሲላት ደግሞ «መጀመሪያ ሱሪህን ታጠቅ» ብላ አፉን ታስይዘዋለች።

የቀድሞው ዋና መካኒክ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ለቦታው ፈተና ወጣ። በሦስት ማሽኖች ላይ ሆን ተብሎ ብልሽት ተደበቀና ተወዳዳሪዎቹ እንዲያገኙት ተጠየቁ። ባለቤቴ ሦስቱንም አገኘች፤ ፈታኞቹ ያልደበቁትን አራተኛ ብልሽትም ጨመረችላቸው። እሷው ራሷ ስድስት ዓመት ያሠለጠነችው ባልደረባዋ ሁለት አገኘ። ቦታው ለእሱ ተሰጠ። ምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ተብሎ ሰፍሯል፦ «አመልካቿ በሙያ ብልጫ ያላት ቢሆንም፣ ዋና መካኒክ የጠዋቱን ድልድል የሚሰጠው በወንዶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል በመሆኑ ለቦታው አመቺ ሆና አልተገኘችም፤ በተጨማሪም የልጆች እናት ናት።»

የልጆች እናት መሆኗን አልክድም፤ ሁለቱም ልጆች የእኔም ናቸው። የተሾመው ባልደረባዋ አራት ልጆች አሉት፤ የእሱ በቃለ ጉባኤው ላይ አልተቆጠሩም፤ ምናልባት ልጅ የሚቆጠረው በእናት በኩል ብቻ ይሆናል። ስለ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። ሰሌዳውን የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው። በጉባኤው ላይ አምስት ኃላፊዎች ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው ሲወያዩ ለዚህ ችግር መፍትሔ ጠፋ። ካቻቢቴው ግን ከበሩ ውጭ በቆመችው ሴት ኪስ ውስጥ ነበረ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ የቀን ቆጠራ ከየት እንደሚጀመር ስላስተማሩን እናመሰግናለን። የሹመቱ ማስታወቂያ የተለጠፈው አንድ ረቡዕ ዕለት፣ በዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ ነው። ሹመቱ ሥራ ላይ የሚውለው የቀድሞው ኃላፊ ሲሰናበቱ ስለ ነበር ለጊዜው በዓይን የሚታይ ለውጥ አልነበረም። ስለዚህ የጥገና ክፍሉ ወንዶች ሁሉ ያነበቡትን ነገር ባለቤቴ ለሠላሳ ሰባት ቀን አላወቀችም። እነሱ ደግሞ አለማወቋን አላወቁም። ዝምታዋን አይተው «ምን ዓይነት ሆደ ሰፊ ናት» ይባባሉ ነበር አሉ፤ እሷም ሰው ሁሉ በድንገት መሣሪያ ሲያቀብላት፣ መንገድ ሲለቅላት፣ ሻይ ልጋብዝሽ ሲላት አይታ፣ አንድ ቀን ማታ ጫማዋን እያወለቀች «ሰዎቹ ምን ነካቸው? የምሞት መስሏቸው ይሆን?» ብላኝ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ይህን ይሆን ብዬ የገረመኝ ኋላ ነው።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ለቀድሞው ኃላፊ የስንብት ዝግጅት ተደረገ። የመሰናበቻውን ካርድ የጻፈችው ባለቤቴ ናት። ሥራ አስኪያጁ የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ ከተሰናባቹ ተቀብለው ለባልደረባዋ ሲያስረክቡ፣ እሷ በአንድ እጇ የለስላሳ ጠርሙስ ይዛ በሌላው እጇ ክንዷን እየመታች ታጨበጭብ ነበር፤ ለምን እንደሚጨበጨብ የገባት ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ነው። ተሿሚው ወደ እሷ መጥቶ «እታለም፣ ስንት ቀን ሙሉ ዓይንሽን ማየት አቅቶኝ ነበር፤ ይቅር ስላልሽኝ እግዜር ይስጥልኝ» አላት። «ለምኑ ነው ይቅር ያልኩህ?» አለችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነገረችኝም፤ ጠርሙሱን ግን እስከ ግማሹ እንደጠጣችው ይዛው ቤት ድረስ መጥታለች።

ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ በአቤቱታዋ ላይ ካነበቡ በኋላ በውሳኔዎ የሰጡትን ማብራሪያ ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፤ ቤታችን ውስጥ በቃል ያልያዘው የለምና። «ማስታወቂያ በተለመደው ቦታ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ ለሚመለከተው ሁሉ እንደ ደረሰ ይቆጠራል፤ የሚመለከተው ሰው ወደ ቦታው መግባት መቻሉም ሆነ አለመቻሉ ቆጠራውን አያቋርጥም።» እንዲህ ያለ የጠራ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አይገኝም። ይህ አስተያየትዎ ወደ ሌሎች የሕይወት ዘርፎች ቢስፋፋ የሚያተርፈውን ጊዜ ሳስብ እደነቃለሁ። ለምሳሌ ጥርሴን አሞኝ ሐኪም ዘንድ ብሄድ፣ «ጥርስህ መበስበስ የጀመረው የዛሬ ዘጠና አንድ ቀን ነው፤ ሕመሙ ዛሬ መጀመሩ ቆጠራውን አያቋርጥም፤ ጊዜው ስላለፈብህ እናዝናለን» ብሎ ቢሸኘኝ፣ ወረፋው ምን ያህል በቀነሰ ነበር።

ሁለተኛ፤ በጽሕፈት ቤትዎ መግቢያ ላይ ስለ ተሰቀለው ያማረ ሰሌዳ እናመሰግናለን። «ቅሬታዎን በመጀመሪያ ለአሠሪዎ ያቅርቡ» ይላል፤ ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ ከአውቶቡስ መስኮት ይነበባል። ባለቤቴም አንብባው ስለምታውቅ፣ ከስንብቱ በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ማለትም ወንዶቹ ክፍል ውስጥ ሲቆጠር በዋለው ቆጠራ በአርባ አንደኛው ቀን፣ ቅሬታዋን ለፋብሪካው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አስገባች። ሰብሳቢው በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ እንደሚሰጧት ነገሯት። ሁለት ሳምንቱ አልፎ ስትጠይቃቸው «የኔ እህት፣ ምን ያስቸኩልሻል? ፋብሪካውም አለ፣ እኛም አለን፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሏት። በአምስተኛው ሳምንት ስትጠይቃቸውም እንቁላሉ ገና አልተነሣም ነበር። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ ይህን ሰምተው «እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ቀኑ በክንፉ በረረ» አሉ፤ እኔ ግን የሳቅኩት ሴትዮዋ ቀልድ የተናገሩ መስሎኝ ነው፤ ለካ መመሪያውን ከእኔ በፊት አንብበውት ኖሯል።

የኮሚቴው መልስ የመጣው በሰማንያ አራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። «ጉዳዩን በጥሞና መርምረን ቅሬታው ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም» የሚል አንድ መስመር ነው፤ ከላይ የጠቀስኩት ቃለ ጉባኤም በአባሪነት ተያይዞበታል፤ ለምን እንደ ተያያዘ እነሱም የሚያውቁ አይመስለኝም። አንዱን መስመር ለመጻፍ የፈጀው ጊዜ አርባ ሦስት ቀን መሆኑን ባሰላሁ ጊዜ፣ ጥሞናው በእርግጥም ጥሞና እንደ ነበር ተረዳሁ። ክቡርነትዎም በውሳኔዎ ላይ «ለአሠሪው ቅሬታ ማቅረብ ቆጠራውን አያቋርጥም» ብለው ሲያስረዱን፣ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ ይህችን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ያልጻፏት ቦታ ጠቧችሁ መሆኑን ልቤ አላጣውም።

ሦስተኛ፤ ስለ ማኅተሙ። ባለቤቴ ሐሙስ ዕለት፣ በሰማንያ ስድስተኛው ቀን፣ ፈቃድ ጠይቃ ጽሕፈት ቤትዎ መጣች። ሦስተኛው መስኮት ወደ ሰባተኛው ላካት፤ ሰባተኛው ቅጹን በሦስት ቅጂ ሞልታ እንድትመለስ ነገራት። ዓርብ ከሰዓት ሞልታ ስትመለስ ሠራተኞቹ በሙሉ ሥልጠና ላይ ስለ ነበሩ በሩ ተዘግቶ አገኘችው። የሥልጠናው ርእስ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ «ቀልጣፋ አገልግሎት» ይላል። ቅዳሜና እሑድ አለፉ። ሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ በዘጠናኛው ቀን፣ ወረቀቷን በሰባተኛው መስኮት አስገባች። ባልደረባዎ ገጽ በገጽ አይተው «ምንም አልጎደለውም» ካሉ በኋላ መሳቢያውን ሳብ ቢያደርጉት ተቆልፏል። ማኅተሙ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ አስቸኳይ ጉዳይ ገጥሟቸው በወጡ ሌላ ባልደረባቸው ኪስ ውስጥ ነው። ባልደረባዎ ግን ጨዋ ሰው ናቸው፤ «የኔ እናት፣ አይዞሽ፣ ወረቀቱ እኔ ጋ ይቀመጥ፤ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምመታው ያንቺን ነው» አሏት።

ቃላቸውንም ጠብቀዋል። በማግስቱ ጠዋት የተመታው የመጀመሪያ ማኅተም የእሷ ነው። ተራ ቁጥር አንድ፤ ቀን ዘጠና አንድ።

አማቴ ይህን ነገር እስካሁን ሊረዱት አልቻሉም። «ልጄ፣ ወረቀቱ ያደረው እነሱ ቤት ነው፤ ታዲያ ያረፈደው ማን ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም የሕግ ሰው ስላልሆንኩ ጥያቄያቸውን ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ከምስጋናው ወጣ ብዬ በነገሩ ውስጥ ያለውን ቁም ነገር ባነሣ ቅር እንደማይሰኙ እተማመናለሁ። አዲሱ ዋና መካኒክ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ላይ ናቸው፤ እሱም ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ሲያልቅ ሹመቱ ይጸናል፤ ከጸና በኋላ የሚከፈት መዝገብ እንደሌለም መመሪያዎ ይናገራል። ባለቤቴ ለጡረታ አሥራ ሦስት ዓመት ይቀራታል። አሥራ ሦስት ዓመት በሥራ ቀን ሲመነዘር ስንት ጠዋት «አለሁ» እንደሚያሰኝ ልጄ አስልታ ነግራኛለች፤ ቁጥሩን ግን ለባለቤቴ አልነገርናትም።

አዲሱን ዋና መካኒክም ልወቅሳቸው አልፈልግም። እስከ ዛሬም ማሽን ሲያስቸግራቸው ወደ በሩ ጠጋ ብለው «እታለም፣ ሁለተኛዋ ማደባለቂያ ዛሬም ታቃስታለች፤ ምን ትያለሽ?» ይሏታል፤ እሷም ከኮሪደሩ «ቀበቶውን አላላው» ትላቸዋለች፤ እሳቸው ወደ ውስጥ ዞረው «ቀበቶውን አላሉት» ብለው ያዛሉ። እንግዲህ ፋብሪካው የሚመራው በበር ቀዳዳ መሆኑ ነው። ሰሌዳው የት እንዳለ፣ ማስታወቂያው መቼ እንደ ተለጠፈና እሷ መቼ እንዳወቀች ገልጸው በፊርማቸው የምስክርነት ቃል የሰጡትም እኚሁ ሰው ናቸው። በገዛ ወንበራቸው ላይ መመስከር ቀላል እንዳልሆነ ክቡርነትዎም ወንበር ያለዎት ሰው ስለሆኑ ይረዱታል። ቃላቸውን በመዝገቡ ውስጥ በገጽ አሥራ አንድ ላይ ያገኙታል፤ ገጹ እስካሁን እንዳልተገለጠ የሚያሳየው፣ ከገጽ አሥር ጋር በሙጫ እንደ ተጣበቀ መሆኑ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ፋብሪካው ሦስት ወጣት ሴት መካኒኮች ቀጥሯል፤ ሊመሰገን ይገባዋል። አሁን በየጠዋቱ ከበሩ ውጭ የሚቆሙት አራት ናቸው። ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ የሳሙና ጋሪ ሲያልፍ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ያሳልፉታል። ከመካከላቸው አንዷ በቅርቡ ባለቤቴን «እትዬ፣ እኛ መቼ ነው የምንገባው?» ብላ ጠየቀቻት። ባለቤቴም «እኛ አንገባም፤ ሰሌዳው ነው የሚወጣው» አለቻት። ጉዳያችን በሙሉ ይኸው ነው፤ በአቤቱታው ሰባት ገጽ ከጻፍነው የእሷ አንድ መስመር ይበልጣል።

አራተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ውሳኔዎ የመጨረሻ ገጽ ነው። ከፊርማዎ በታች፣ ከማኅተሙ ጎን፣ የጉንዳን እግር በሚያክሉ ፊደላት አንድ አንቀጽ ሰፍሯል። ይህን አንቀጽ ያገኙት አማቴ ናቸው፤ ሁለት መነጽር ደርበው። እንዲህ ይላል፦ «ቅር የተሰኘ አመልካች ውሳኔው በድጋሚ እንዲታይለት በሠላሳ ቀን ውስጥ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ ኃላፊው ጥያቄው ከተገለጸላቸው ቀን ጀምሮ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጡ ጥያቄው ተቀባይነት እንዳገኘ ተቆጥሮ መዝገቡ ይከፈታል።» አማቴ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አንድ በአንድ አወለቁና «እነሱም ቀን አላቸው ለካ» አሉ። የጊዜ ገደብ ድሀና ባለሥልጣን ሳይለይ ሁሉን እኩል የሚያይ መሆኑን በዚህ ስላረጋገጡልን ልባዊ ምስጋናችንን እናቀርባለን።

ባለቤቴም በዚህ አንቀጽ መሠረት የድጋሚ ይታይልኝ ጥያቄዋን በሥርዓቱ፣ በሠላሳው ቀን ውስጥ፣ ገና ቀን እየተረፈ አቅርባለች። የጠየቀችው ሹመት እንዲቸራት አይደለም። ቆጠራው ሰው ማወቅ ከቻለበት ቀን እንዲጀምር፣ በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ያደረው ወረቀት በእናንተ ላይ እንዲታሰብ፣ ከዚያም መዝገቡ ተከፍቶ ፈተናውና ቃለ ጉባኤው ጎን ለጎን እንዲነበቡ ነው። ጥያቄው የትና መቼ እንደ ቀረበ፣ የምስጋናውን ወዝ እንዳያበላሸው ብዬ፣ ከፊርማዬ በታች አስፍሬዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ እንዲወጣ ወደ ጋዜጣ ከመላኬ በፊት ለባለቤቴ አስነብቤያት ነበር። «ነገር አታብዛ፤ ሰውየው ልጆች ይኖራቸዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ልጆች ካሉዎት ይደጉልዎ፤ በማንኛውም ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይጻፉብዎትም ከልብ እመኛለሁ።

ውድ ጊዜዎን፣ በተለይም የእኛን ዘጠና ቀን፣ ስለ ሰጡን ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ሰዓትዎ የማይዘገይ፣ መሳቢያዎ የማይቆለፍ፣ በርዎም ከውጭ የቆመ ሰው የሌለበት ይሆን ዘንድ ከሙሉ አክብሮት ጋር እመኛለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ ምስጋናውን በጊዜው ያቀረበ፣
የመካኒኳ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለሰባተኛው መስኮት
ለወንዶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል የማስታወቂያ ሰሌዳ (በአዲሱ ዋና መካኒክ በኩል)

ማሳሰቢያ፦

የድጋሚ ይታይልኝ ጥያቄው ለክቡርነትዎ የተገለጸው በፋብሪካው የሴቶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል በሚገኘው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳውን ባለቤቴ ከማሸጊያ ሣጥን ክዳን ሠርታ፣ ከእጅ መታጠቢያው በላይ በአራት ብሎን ያሰረችው በተቀጠረች በሁለተኛው ወር ነው፤ ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት የጠፋ የጆሮ ጌጥ፣ የተወለደ ልጅና የፈረቃ ልውውጥ ሲነገርበት ስለ ኖረ የተለመደ ቦታ መሆኑን አርባ ሁለት ሴቶች በፊርማቸው አረጋግጠዋል። ቅጂውም ለጥንቃቄ በዚያው ዕለት በሰባተኛው መስኮት ገብቶ ማኅተም ተመትቶበታል፤ ማኅተሙ የዚያን ዕለት ደኅና ነበር፤ ባልደረባዎም እንዳይደበዝዝ ብለው ሁለት ጊዜ መቱት። ቅጂው አሁን መሳቢያው ውስጥ ይሆናል። ቁልፉ በማን ኪስ እንዳለ አናውቅም፤ ይህም ቆጠራውን አያቋርጥም።

የተለጠፈው ረቡዕ ዕለት ነው። አሥራ አምስተኛው ቀን ትናንት ነበር። ትናንት እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ድረስ አራቱም ሴቶች ሰሌዳውን እየተፈራረቁ ሲያዩ ውለዋል፤ ከክቡርነትዎ የተለጠፈ መልስ የለም፤ ቤታችንም የደረሰ ወረቀት የለም። በመሆኑም ጥያቄው በራስዎ አንቀጽ መሠረት ተቀባይነት አግኝቷል፤ ባለቤቴም ነገ ጠዋት መዝገቧን ልታስከፍት ትመጣለች። ጊዜው ስላለፈብዎት እናዝናለን።

ምናልባት «ወንድ በመሆኔ ብቻ ልገባበት በማልችል ክፍል ውስጥ የተለጠፈ ነገር እንዴት ደረሰህ ይባላል?» የሚል ስሜት ካደረብዎት፣ ስሜትዎን ሙሉ በሙሉ እንጋራለን። ይህ አድልዎ ይባላል። አቤቱታ የሚቀበል ጽሕፈት ቤትም አለው፤ አድራሻውን ክቡርነትዎ ያውቁታል። ዘጠና ቀን ይሰጥዎታል፤ አሥራ አምስቱ ግን አልፈዋል።